ለእትዬ የተከፈተው አዲስ ጠርሙስ

በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ቀጥሎ፣ በሩ ላይ ቢጫ የጨረር ምልክት የተለጠፈበት ክፍል አለ። ከበሩ ውጭ ትንሽ ጠረጴዛ ተቀምጣለች፣ ከጠረጴዛዋ ላይ ጠርዟ የተሸረፈ ነጭ ሳህን። ወደዚያ ክፍል የሚገባ ሁሉ፣ ፕሮፌሰርም ይሁን የጽዳት ሠራተኛ፣ ቀለበቱን፣ ሰዓቱን፣ የኪሱን ቁልፍ፣ ሴትም ከሆነች የፀጉሯን ሽቦ እሳህኗ ላይ አራግፎ ነው የሚገባው። ሳያራግፍ እግሩን ያነሣ እንደሆነ ከውስጥ አንድ ድምፅ ይመጣል። አይጮህም፣ አይቆጣም፤ ግን እምቢ ለማለት አይመችም። "ቀለበት አውልቁ" ይላል።

የድምፁ ባለቤት ስም አላት፤ ደሞዝ ከፋዩ ያውቀዋል። የቀረው ሰው ግን ቀለበት አውልቁ ነው የሚላት። "ቀለበት አውልቁን አይታችኋታል?" "ዛሬ ፊቷ ጥሩ አይደለም፤ በኋላ ሂድ።" እሷም ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋለች። ስሙ የተለጠፈባት አብሯት በሚሠራው ሰውዬ ምክንያት ነው። ጨረሩን የሚለካው እሱ ነው፤ ሁሉም ፊዚክሱ ይሉታል። አንድ ቀን ቀለበቱን እሳህኗ ላይ ረስቶ ቤቱ ገባ። ሚስቱ ባዶ ጣቱን አየችና "የት አወለቅከው?" አለችው። "አንዲት ሴት አውልቅ ብላኝ" አለ። ይህን መልስ ሰጥቶ በሰላም ያደረ ባል የለም፤ ፊዚክሱም አላደረም። ሚስቲቱ በማግስቱ ራሷ መጥታ ሳህኗን በዓይኗ እስክታይ ድረስ ጉድ ፈልቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቀለበት አውልቁ ቀለበት አውልቁ ሆና ቀረች። ተረበኛው ደግሞ ይጨምርበታል፤ የራሷን ካወለቀች ቆይታለችና አሁን ተራው የእኛ ነው ይላል። ይህንንም ትሰማለች።

ሥራዋ የጨረር መድኃኒት መቀመም ነው። ሲወራ ይከብዳል እንጂ ሐሳቡ ቀላል ነው። አንቲቦዲ የሚባል በዓይን የማይታይ ነገር አለ። ሰውነት ጠላቱን ለይቶ የሚለጠፍበት መሣሪያው ነው፤ አሁን በቤተ ሙከራም ይሠራል። የካንሰሩን ሕዋስ ከጤነኛው ለይቶ ያውቃል፣ በደም ውስጥ ዞሮ ዞሮ ያገኘዋል፣ ይለጠፍበታል። ችግሩ ብዙ ጊዜ ከተለጠፈ በኋላ ዝም ማለቱ ነው። ስለዚህ ጨረር የሚያወጣ ብረት ያሸክሙታል። ለካሜራ የሚታይ ጨረር ያለውን ያሸከሙት እንደሆነ፣ ታካሚውን ካሜራ ሥር አስተኝተው ዕጢው የት የት እንደተደበቀ ያዩበታል። የሚያቃጥለውን ያሸከሙት እንደሆነ ደግሞ ዕጢውን እዚያው ባለበት ይጠብሱታል። ብረቱና አንቲቦዲው እንዲሁ አይያያዙም፤ በመሀል መንጠቆ ያስፈልጋል። የመንጠቆው አንዱ ጫፍ አንቲቦዲው ላይ ተሰፍቶ ይመጣል፤ በሌላው ጫፉ ብረቱን ይጨብጣል።

መንጠቆው የጨበጠውን አይለቅም። ዓይን ግን የለውም፤ የዚህ ሥራ ጣጣ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። በአውሮፕላን ተጭኖ የመጣው ብርቅ ብረትም ሆነ ከመርፌ ጫፍ የተፋቀ ብናኝ ለእሱ አንድ ነው፤ ቀድሞ የደረሰለትን ጭብጥ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ጨረረኛው ቢመጣ ቦታው ተይዟል። ለዚህ ነው እዚያ ክፍል ውስጥ የብረት ማንኪያ የሌለው፣ መቅጃው ሁሉ ፕላስቲክ የሆነው። ቀለበት በጓንት ውስጥ ሆኖ ምንም እንደማያደርግ እሷም ታውቃለች። ግን በሩ ላይ ብረት ያወለቀ ሰው፣ ከገባ በኋላ ብረት የሚባል ነገር እንዳለ አይረሳም ባይ ናት።

ክፍሉ የራሱ ቋንቋ አለው። ብረቱን ከአንቲቦዲው ማያያዝ "መዳር" ይባላል። ፊዚክሱ ጠዋት ሲገባ "ዛሬ ማንን ነው የምንድረው?" ይላል። ሳይያያዝ የቀረው ብረት ደግሞ "ፈት" ነው። የሁለቱም ጨዋታ ነው፤ ስሙን ያወጣችው ግን ራሷ ፈቷ ናት፣ ስለዚህ ማንም አያፍርበትም። ፈት ሲበዛ ግን ጨዋታው ያበቃል። የሚይዘው ያጣው ብረት ዕጢ አያውቅም፤ ወደ አጥንት ሄዶ ይቀመጥና ደም የሚሠራውን መቅኒ ያቃጥላል። ስለዚህ ከመቶው ቢያንስ ዘጠና አምስቱ ካልተዳረ መድኃኒቱ ከዚያ በር አይወጣም። ይወጣል አይወጣም የምትለው ደግሞ እሷ ናት።

ስለ ትዳሯ ብዙ የሚወራ የለም። ባሏ ሙዚቃ አስተማሪ ነበር፣ ጥሩ ሰው፣ ዝርክርክ። እሷ ጨው እንኳ ለክታ ነው የምትጨምር፤ ሻይ ስትቀዳ ኩባያዎቹ ሁሉ እኩል ናቸው፤ ለእሱ የሞላ፣ ለእንግዳ የጎደለ የለም። መጀመሪያ ሰሞን ይስቅበት ነበር፣ ኋላ ኋላ አንጀቱን ይበላው ጀመር። "አንቺ ለሰው ብለሽ እጅሽ አይስትም" ይላት ነበር። "አንድ ቀን እንኳ ለእኔ ብለሽ አንድ ነገር ቢበላሽብሽ ምን ነበረበት?" እሷም ነገሩ አይገባትም ነበር፤ ሰው ለሚወደው ሰው ለምን ያበላሻል? ያለ ጩኸት ተለያዩ። ዕቃውን እሷ አካፈለች፤ በእርግጥም እኩል ነበር።

ከተፋቱ ከጥቂት ቀን በኋላ በሯ ተንኳኳ። የባሏ ታላቅ እህት ነበረች፣ እትዬ የምትላት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰፊዋ ይላታል፣ ሰውነቷም በዚያን ጊዜ ስሙን ያላሳፈረ ነበር። ደረቷ ላይ እንደ ወትሮው እስፒል በእስፒል ሆና፣ ሳትጋበዝ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ከእሱ ጋር ተፋታሽ" አለች። "ይሁን፤ እሱንስ እኔም ብሆን እፈታው ነበር። ግን ከእኔ ጋር ማን አፋታሽ?"

ቀለበት አውልቁ ተነሥታ ሻይ ቀዳች፤ ሁለቱም ኩባያ እኩል።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሰፊዋ ሱቅ መዋያዋ ሆነ። በፎቶኮፒ ቤትና በጫማ ጠጋኝ መካከል የተሰነቀረች ጠባብ ክፍል ናት፤ የተማሪ ዩኒፎርም እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፣ ወለሉ ክር ነው። ሰፊዋ እስፒል በከንፈሯ ይዛ ታወራለች፣ እንዴት እንደማትውጠው እግዜር ይወቅ። እሷ ደግሞ ጥግ ላይ ቁልፍ ትተክላለች። ቁልፎቹ ሁሉ በእኩል ርቀት ነው የሚያርፉት። ሰፊዋም አንድ ጊዜ የእሷን ሥራ ቦታ ልይ ብላ ምድር ቤት ድረስ ወርዳ ነበር። ሳህኗ ላይ እስፒሉን ነቀለች፣ መርፌውን ነቀለች፣ መቀሱን አወጣች፣ ሜትሯንም ጫፉ ብረት ነው ተብላ አስቀመጠች። ሳህኗ ሞልታ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰች። ከዚያ አፏን ከፍታ የብር ጥርሷን አሳየችና "ይቺንስ?" አለች። ቀለበት አውልቁ በዚያ በር ላይ የሳቀችው ያኔ ብቻ ነው ይባላል።

በሽታው የተገኘው በአንገት ነው። ሰፊዋ ለአንዷ ደንበኛ ኮሌታ ስትለካ የራሷን አንገት ነካ አደረገች፤ እብጠት አለ። "ንፍፊት ነው፣ ይጠፋል" አለች። አልጠፋም። ብብቷ ሥር ሌላ ተጨመረ። የሊምፍ ዕጢዎች ካንሰር ሆኖ ተገኘ። መድኃኒት ተሰጣት፣ ፀጉሯ ሄደ፣ እብጠቱም ሄደ፤ ፀጉሯ ሲመለስ እብጠቱም ተመለሰ። ሁለተኛ ተሰጣት፣ ሁለተኛም ተመለሰ። ቀሚሶቿን አንድ በአንድ እያጠበበች ትለብሳለች። "ሰፊዋ ጠበበች በሏቸው" ትላለች ለደንበኞቿ፣ እነሱ ለመሳቅ ሲቸገሩ እሷ ቀድማ እየሳቀች።

የደም ሐኪሙ ያን ጊዜ ነው ጨረር የተሸከመውን አንቲቦዲ ያነሣው። ያለው ብረት ኢትሪየም የሚባለው ነው፤ የዕጢዎቹን ሕዋስ የሚያውቅ አንቲቦዲ ላይ ይዳራል፣ በደም ሥር ይሰጣል። አንድ ነገር ግን ያስፈራዋል። ሁለት ዙር መድኃኒት የተቀበለው መቅኒዋ ደክሟል፤ ደም የሚያረጋው ፕላትሌት የሚባለው በየምርመራው ይወርዳል። ዛሬ ከመስመሩ በላይ ነው። ከመስመሩ በታች ከወረደ ይህ መድኃኒት ይቀንስላታል፤ ይበልጥ ከወረደ ጭራሽ አይሰጥም። "አሁን በሩ ክፍት ነው" አላቸው። "እንደተከፈተ አይቆይም።"

ቀለበት አውልቁ ወደ ክፍሉ ኃላፊ ሄደች። የዘመድ መድኃኒት በዘመድ እጅ አይቀመምም የሚል ደንብ አለ።

"ታካሚዋ ዘመዴ ናት" አለችው።

"ምንሽ ናት?"

"የቀድሞ ባሌ እህት።"

ኃላፊው አሰበ። "እሷማ ዘመድ አይደለችም" አለ። "ደንቡ እናት፣ አባት፣ እህት፣ ወንድም፣ ባል፣ ልጅ ነው የሚለው። የፈታሽው ሰው እህት የለችበትም። ደግሞስ ያቺ ሌላዋ ቀማሚ ወሊድ ላይ ናት፤ ከአንቺ በቀር ማን አለ?"

ይህ ደንቡ ያላወቀው ዝምድና ነበር። እሺ ብላ ወጣች።

ብረቱ የመጣ ቀን ጠዋት ከሁሉም ቀድማ ገባች። መድኃኒቱ ከመዳሩ በፊት፣ ብረቱ የሚመጣበትን አሲድ የሚያለዝብ የጨው ውሃ ይዘጋጃል። ይህ የጨው ውሃ ሁልጊዜ የሚበጠበጠው በአንዲት አሮጌ የመስታወት ጠርሙስ ነው። ጽሑፏ ተልጦ ያለቀ፣ አንገቷ የተቧጨረ፣ ሆዷ የደበዘዘ ነገር ናት። ፊዚክሱ አሮጊቷ ይላታል። መልክ የላትም፤ ግን ዓመት በዓመት በአሲድ ተዘፍዝፋ፣ በንጹሕ ውሃ ታጥባ፣ ከመስታወቷ ሊወጣ የሚችል ብረት ሁሉ ተለቅልቆ ወጥቷል። አዲስ ጠርሙስ ግን ከካርቶን ሲወጣ ያብረቀርቃል እንጂ መስታወቱ ውስጥ ያለው ብረት ገና አልወጣም። "አዲስ ዕቃ ቆሻሻ ነው" የምትለው እሷው ናት፤ ለሥልጠና ለመጣ ሁሉ መጀመሪያ የምታስተምረው ይህንኑ ነው።

በዚያን ጠዋት አሮጊቷን ከመደርደሪያው ልታነሣ እጇን ዘረጋች። አየቻት። ከአጠገቧ የአዲስ ጠርሙስ ካርቶን አለ፣ ፕላስቲኩ እንኳ ያልተቀደደ። እትዬን በዚህች ውልቅልቅ ጠርሙስ? አለች በሆዷ። ሰው ቤት እንግዳ ሲመጣ ያን የተሸረፈውን ኩባያ ወደ ኋላ ገፍቶ፣ ከቁም ሣጥን አዲሱን ብርጭቆ እንደሚያወጣው ሁሉ፣ እጇ ካርቶኑን ቀደደ። አዲሱን ጠርሙስ አወጣች፤ በንጹሕ ውሃ ደጋግማ አለቀለቀች፤ ጨዉን በፕላስቲክ ማንኪያ ለክታ በጠበጠችበት። ማሰብ አልነበረም። ያን ሁሉ ዘመን የማይስት እጅ በአንድ ጠዋት ባለቤቱን ሳያማክር ሄደ።

የቀረው እንደ ወትሮው ሆነ። ከወፍራሙ የፕላስቲክ ጋሻ ጀርባ ቆማ ብረቱን ከጨው ውሃው ጋር አገናኘች፣ አንቲቦዲውን ጨመረች፣ ጠበቀች። ከዚያ ፈተናው አለ። ከብልቃጡ አንድ ጠብታ ወስዳ በቀጭን ወረቀት ግርጌ ላይ አሳረፈች፣ ወረቀቱን ጥቂት ፈሳሽ ውስጥ አቆመችው። ፈሳሹ ወረቀቱን ይዞ ወደ ላይ ይሳባል፤ የተዳረው ከነአንቲቦዲው ከብዶት ግርጌ ይቀራል፣ ፈቱ ከፈሳሹ ጋር ሽቅብ ይሄዳል። ወረቀቱ ከመሀል ይቆረጥና ፊዚክሱ ሁለቱን ግማሽ ለየብቻ ይለካል።

ፊዚክሱ ለካ። ጨዋታ አልጨመረም፤ ድጋሚ ለካ።

"ዘጠና አንድ" አለ።

ሌላ ወረቀት አቆመች። እሱም ዘጠና አንድ። ከመቶው ዘጠኙ ፈት።

ምክንያቱን ፍለጋ ጠረጴዛዋን በዓይኗ ዞረች። መርፌ? የለም። ማንኪያው ፕላስቲክ ነው። ጓንቷ አዲስ ነው። ከዚያ መደርደሪያውን አየች። አሮጊቷ እንደተደፋች፣ ደርቃ፣ ባለችበት ተቀምጣለች። ማንም አልነካትም። ቀለበት አውልቁ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች።

"በአዲስ ጠርሙስ በጠበጥኩት" አለች።

ፊዚክሱ መጀመሪያ የቀለደች መሰለው። "አንቺ?"

"እኔ።"

ሌላ አንቲቦዲ የለም፤ ለአንድ ታካሚ የሚመጣው አንድ ብልቃጥ ነው። ፈቱን አጣርቶ የሚለይ መሣሪያም ክፍሉ የለውም። የብረቱ ኃይል ደግሞ ከሰዓት ሰዓት ይወርዳል፤ ተቀምጦ የሚጠብቅ ነገር አይደለም። ፊዚክሱ "ለዘጠና አምስት አራት ነው የጎደለው" አለ ቀስ ብሎ፣ ለራሱም እንደሚያሳፍረው ሁሉ። ስልኩ ጮኸ፤ የደም ሐኪሙ ነበር።

"ሴትየዋ ክንዷ ላይ ቱቦ ተተክሎላት እየጠበቀች ነው። ምን ላይ ደረሳችሁ?"

"ዘጠና አንድ ወጣ።"

ሐኪሙ ተነፈሰ። "የሚቀጥለው መቼ ይመጣል?"

"አምራቹ የሚልከው በሚቀጥለው ወር ነው።"

"እስከዚያ ደሟ የት እንደሚደርስ አላውቅም። በሩ ሊዘጋባት ይችላል። ያለፈ ነው ካልሽኝ እሰጣታለሁ። ያላለፈ ነው ካልሽኝ አልሰጥም። ያንቺ ቃል ነው።"

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ያለፈ ነው ብትል ማንም ምንም አይላትም፤ ጠርሙሱም ተረስቶ ይቀራል፣ እትዬም መድኃኒቷን ዛሬ ታገኛለች። ያላለፈ ነው ብትል በገዛ እጇ በሩን የዘጋችባት እሷ ትሆናለች። ነገር ግን ዘጠኙ ፈት የሚሄደው ወዴት እንደሆነ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ወደ አጥንት ነው። ወደዚያ ወደደከመው መቅኒ ነው። ፈራች፤ መፍራቷንም አወቀች።

"አላለፈም" አለችና ስልኩን አስቀመጠች። ብልቃጡን እርሳስ ግድግዳ ባለው የቆሻሻ ሣጥን ውስጥ አኖረች። ክዳኑን ራሷ ገጠመችው።

ወደ ላይ ለመንገር ሌላ ሰው መላክ ይቻል ነበር፤ ሐኪሙም እነግራታለሁ ብሏል። በደረጃው ወጣች። በሊፍቱ ለምን እንዳልሄደች ብትጠየቅ አታውቅም። በኮሪደሩ የቀድሞ ባሏ የእህቱን ካፖርት ክንዱ ላይ ጥሎ ቆሟል፤ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አላት፣ እሷም መለሰችና አልፋው ገባች።

ሰፊዋ አልጋው ላይ ተቀምጣለች፣ ክንዷ ላይ ቱቦ ተለጥፏል። ቀለበት አውልቁን ስታይ የቀሚሷን ደረት በሁለት ጣቷ ወጠረችው።

"ፈትሺኝ" አለች። "አንድም እስፒል የለብኝም። ከቤት ስወጣ ሁሉንም አራግፌ ነው የመጣሁት። ጥርሴን ብቻ ማሪኝ።"

ይህ እዚያ ላይ እንደማያስፈልግ፣ ብረት የሚከለከለው ታች እንደሆነ መንገር ነበረባት፤ አልነገረቻትም።

"እትዬ፣ መድኃኒቱ አልሆነም።"

"አልሆነም ማለት?"

"አላለፈም። ጣልኩት።"

ሰፊዋ ቀሚሷን ለቀቀችው። "ሌላ አለ?"

"በሚቀጥለው ወር ይመጣል። ደምሽ ከፈቀደ።"

"ካልፈቀደስ?"

"ካልፈቀደ የለም።"

ውጭ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ፣ አለፈ። "ማን አበላሸው?" አለች ሰፊዋ።

"እኔ ነኝ። ሁልጊዜ የምሠራባት አሮጌ ጠርሙስ አለች። ለአንቺ ነው ብዬ አዲስ ከፈትኩ። አዲሱ መስታወት ብረት ይለቃል። ይህን አውቃለሁ፣ ለሌላው አስተምራለሁ። ለአንቺ ነው ብዬ ግን ከፈትኩት።"

ይቅር እልሻለሁ፣ ግድ የለም የሚል ነገር የጠበቀ ካለ ይቆይ፤ ሰፊዋ ያን አላለችም። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። "እስቲ ተይኝ" አለች። "አሁን ሂጂ፣ እህቴ። ተይኝ።"

ሄደች። በዚያ ቅዳሜ ወደ ሱቁ ሄዳ መዝጊያው ተዘግቶ አገኘችው። ስልክ ደወለች፣ አልተነሣም። በቀጣዩም ቅዳሜ እንዲሁ። ጫማ ጠጋኙ አዘነላትና "ቤት ናት፤ ደህና ናት፤ ሰው ግን አላስገባም ብላለች" አላት። ቀለበት አውልቁ ሥራዋን ትሠራ ነበር፤ ሌሎች ታካሚዎች አሉ፣ ሌሎች ብረቶች ይመጣሉ፤ ሁሉም በአሮጊቷ ተበጥብጦ ሁሉም ያልፍ ነበር። ፊዚክሱ "ዛሬ ማንን ነው የምንድረው?" ማለቱን ለጊዜው ተወ።

ወሩ ገባ። የሰፊዋ ደም ተመረመረ። ወርዷል፤ ከላይኛው መስመር በታች፣ ከታችኛው መስመር በላይ ሆኗል። በሩ አልተዘጋም፣ ግን ገርበብ ብሏል። ሐኪሙ ሙሉውን መጠን አልሰጥም አለ፤ ተቀንሶ ይሰጣታል። ቀለበት አውልቁ በአሮጊቷ በጠበጠች፣ ዳረች፣ ወረቀቱን አቆመች። ዘጠና ስምንት። ብልቃጡን ነርሷ ይዛው ወጣች። እሷ አልተከተለችም፤ ሂጂ ተብላለችና ካልተጠራች አትሄድም።

ከወራት በኋላ ሰፊዋ ካሜራ ሥር ተኛች። የአንገቷ እብጠት ጠፍቷል። በሌላውም ቦታ ያለው ሟሟ። ብብቷ ሥር ያለው አንዱ ግን አንሶ ይሁን እንጂ አለ። ሐኪሙ ይህ ጥሩ ውጤት ነው፣ እንከታተለዋለን አለ። ሙሉው መጠን በጊዜው ቢሰጣት ኖሮ ያ አንዱ ይጠፋ ነበር ወይስ እንዲያም ሆኖ ይቆይ ነበር? ይህን የሚያውቅ የለም። ቀለበት አውልቁ ውጤቱን ከፊዚክሱ ሰምታ መልሳ መላልሳ አሰበችው፤ እየዋለች እያደረች ታስበዋለች። ደስ ብሏታል፤ ያ አንዱ ግን ያቃጥላታል።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ስልኳ ጮኸ።

"ነገ ቅዳሜ ነው" አለች ሰፊዋ። "ቁልፍ የሚተክልልኝ ጠፍቶ ሥራው ተከምሯል። ስትመጪ ያን ጠርሙስ ይዘሽ ነይ።"

"የትኛውን?"

"አዲሱን ነዋ። ጣልሽው እንዴ?"

አልጣለችውም። ከጨው ውሃ በቀር የነካው ነገር የለም፤ ጨረረኛው ብረት አልደረሰበትም። ባዶውን አጥባ የመደርደሪያው ጥግ ላይ አስቀምጣው ነበር፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ። "አለ" አለች።

"ታዲያ አምጪው። ለእኔ አይደል የተከፈተው?"

ቅዳሜ በጋዜጣ ጠቅልላ ወሰደችው። ሰፊዋ ቀጥናለች፣ ፀጉሯ አጭር ነው፣ ከንፈሯ መካከል ግን እስፒሉ ተመልሷል። ጠርሙሱን ተቀብላ ወደ ብርሃኑ አነሣችው፣ አገላብጣ አየችው። በእርግጥም ያምር ነበር።

"ተናድጄብሽ ነበር" አለች፣ እስፒሉን ከአፏ አውጥታ። "አሁንም አንዳንድ ቀን ይመጣብኛል። ያቺ የቀረችው ብብቴ ሥር ስትነካኝ ይመጣብኛል። አልዋሽሽም።"

"አውቃለሁ።"

"አታውቂም። ቆይ።" የእስፒሏን ቆርቆሮ ሳበች፣ ክዳኗን ከፈተችና ያለውን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። እፍኝ እያደረገች ወደ ጠርሙሱ ማንቆርቆር ጀመረች፤ ብረቱ በመስታወቱ ላይ ተንኳኳ። ጠርሙሱ አጋማሹ ሲሞላ ከክሮቹ መካከል፣ ከበሩ ፊት ለፊት፣ የገባ ሁሉ በሚያየው ቦታ አስቀመጠችው።

"ሰኞ ወንድሜ ይመጣል" አለች። "ይህ ምንድን ነው ብሎ ይጠይቀኛል፤ ዓይኑ አያርፍም። ያን ጊዜ እነግረዋለሁ። ለሰው ብላ እጇ አይስትም ትል አልነበር? ያውልህ፣ ለእኔ ብላ ሳተች እለዋለሁ።"

ቀለበት አውልቁ እንባዋ መጣ፣ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። ከዚያ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳብ አድርጋ፣ የቀሩትን እስፒሎች አንድ በአንድ እየለቀመች ወደ ጠርሙሱ ትጨምር ጀመር።